የሶማሊያን ጠረፍ ባሕር በኮምፒውተር መሥራት

የባሕርን ሥነ ሕይወትና ኬሚስትሪ በኮምፒውተር መቀመር ለሚፈልጉ ተማሪዎች የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ መላውን ውቅያኖስ ተዉትና ከሶማሊያ ጠረፍ ጀምሩ። እኛ ዘንድ ክረምት በሆነበት ወቅት ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ገፍቶ ያርቀዋል። በምትኩ ቀዝቃዛና ናይትሬት (ዕፅዋት የሚመገቡት የናይትሮጅን ውሁድ) የሞላበት ውሃ ከሥር ይወጣል። ያን ጊዜ ተንሳፋፊዎቹ ጥቃቅን ዕፅዋት፣ ፋይቶፕላንክተኖቹ፣ ይፈላሉ። ምክንያትና ውጤቱ እንዲህ ፊት ለፊት የሚታይበት ባሕር ብዙ አይደለም።

ናሳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2002 ወዲህ በአኳ ሳተላይት የተሰበሰበውን የክሎሮፊል፣ ማለትም ዕፅዋትን አረንጓዴ የሚያደርገውን ቀለም፣ መረጃ በነፃ ይሰጣል። 4 ኪሎ ሜትር ጥራት ያለውን የስምንት ቀን አማካይ አውርዱና በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ክፈቱት። ሳተላይቱ ዕፅዋት አይቆጥርም፤ የሚለካው የውሃውን ቀለም ነው፣ የቀሩት ስሌት ናቸው። ስለዚህ ደለል ያደፈረሰውን የወንዝ አፍ ከመረጃችሁ አውጡት።

ለሞዴሉ ሦስት ተለዋዋጮች ይበቃሉ፤ ናይትሬት፣ ፋይቶፕላንክተን፣ እሱን የሚግጠው ዙፕላንክተን። ሁሉንም በናይትሮጅን ለኩ፣ ሚሊሞል በሜትር ኩብ። ስሌቱን በየአንድ ሰዓቱ አራምዱ። የሞተውና የተጣለው ሁሉ ወደ ናይትሬት ይመለስ። ከሥር የሚወጣውን ውሃ ከመክፈታችሁ በፊት ሞዴሉን ዘግታችሁ አንድ ዓመት አስሮጡት፤ የሦስቱ ድምር ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ፣ ከአንዱ የተቀነሰው ለሌላው ሳይደመር ቀርቷል። ይህን ፈተና የሚዘል ሰው ቆይቶ ስሕተቱን በዙፕላንክተኑ ያሳብባል።

ቀጥሎ ናይትሮጅኑን ወደ ክሎሮፊል መመንዘር ነው። በሬድፊልድ ምጣኔ፣ ማለትም በፕላንክተን ውስጥ ባለው የተለመደ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ፣ አንድ ሚሊሞል ናይትሮጅን 6.6 ሚሊሞል ካርቦን፣ ማለትም 79 ሚሊግራም ግድም ይይዛል። ካርቦኑን በ50፣ ማለትም ለአንድ ግራም ክሎሮፊል በሚታሰበው የካርቦን ግራም፣ ብታካፍሉት 1.6 ሚሊግራም ክሎሮፊል ታገኛላችሁ። ይህ 50 ግን የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ብርሃን ሲበረታ ይጨምራል፣ በጥላ ይቀንሳል። ውጤታችሁ ከሳተላይቱ ካርታ በእጥፍ ቢርቅ የፋይቶፕላንክተኑን የዕድገት መጠን ከመነካካት በፊት ይህን መርምሩ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሞዴሉን ከሳተላይቱ ጋር በማነጻጸሩ ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ ፋይቶፕላንክተኑ ይበልጥ በሚፈላበት ሰዓት፣ ደመናና አቧራ ሳተላይቱን ይጋርዱታል። የሳተላይቱ አማካይ እንግዲህ የጠሩት ቀናት አማካይ ነው፤ የሞዴላችሁ ግን የሁሉም ቀናት። ስለዚህ ሳተላይቱ ባላየበት ቀንና ቦታ የሞዴሉንም ቁጥር ሰርዙ። ጥልቀቱም እንዲሁ ነው፤ ሳተላይቱ ከላይኛው ንብርብር በታች አያይም፣ ስለዚህ የሞዴሉን ሙሉ ዓምድ አማካይ ከእሱ ጎን አታስቀምጡ። ክሎሮፊል ከቦታ ቦታ በአሥርና በመቶ እጥፍ ስለሚለያይ ልዩነቱን በሎጋሪዝም አስሉ፤ አለዚያ ጥቂት የጠረፍ ነጥቦች ውጤቱን ሁሉ ይወስዱታል።

የሞዴሉና የሳተላይቱ መስመሮች ተቀራርበው ስታዩ ከሥር የሚወጣውን ውሃ አጥፉና እንደገና አስሮጡት። የክረምቱ አረንጓዴ አሁንም ከመጣ፣ ሞዴሉ የሚመገበው መነሻ ላይ ካስቀመጣችሁለት ናይትሬት ነው እንጂ ከነፋሱ አይደለም፤ መነሻውን ቀንሱና ከሁለት ሦስት የሞዴል ዓመት በኋላ ያለውን ብቻ ውሰዱ።