የእሳት አደጋ ልብስን እንዴት እንፈትሽ? ከገበሩ ጀምሩ

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጃኬት ሦስት ንብርብር አለው። የውጪው ነበልባል ይችላል። የመሃሉ ስስ ሽፋን ውሃ አያሳልፍም። የውስጡ ሙቀት ያዘገያል። የመሃሉና የውስጡ አብረው ተሰፍተው ገበር ይሆናሉ።

ለዓመታት የማየው ውጪውን ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ እሳት ስናጠፋ ትከሻዬ በቱቦ ውሃ ራሰ። ውሃው ወደ ገበሩ ሰረገ፣ ሙቀቱ አተነነውና ትከሻዬን ላጠው። በማግስቱ ጃኬቱን አገላብጬ ሳየው ከውጪ አንድ ቀዳዳ የለውም።

መጀመሪያ እጠቡት። ቆሻሻ ልብስ አይፈተሽም። ከእሳቱ እንደወጣችሁ፣ ሳታወልቁ፣ ጥላሸቱን በውሃና በብሩሽ አስለቅቁ። የጠቆረ ጃኬት የሚያኮራን አለን፤ እባካችሁ ይቅርብን። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 እ.ኤ.አ. ሙያችንን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ልብሱን ቤት ወስዳችሁ ከልጆች ልብስ ጋር እንዳታጥቡት።

ጣቢያ ስትደርሱ ገበሩን ከውጪው ለዩና ለየብቻ እጠቡ። ውሃው ለብ ያለ፣ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ይሁን። በረኪና በፍጹም አይነካውም። የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ መዘርጋት ክሩን ያደክመዋል።

አሁን ወደ ገበሩ። ጨለም ያለ ክፍል ግቡና የእጅ ባትሪ ከአንድ ወገን አብሩበት። ብርሃኑ አለቅጥ ደምቆ የሚታይበት ቦታ ካለ፣ ውስጡ ሳስቷል ወይም ተንሸራቶ ተጠቅልሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ የውሃ ፍተሻ። 1 እጅ የፋርማሲ አልኮል ከ6 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ገበሩን ባልዲ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ሰውነት የሚነካው ወገን ወደ ላይ፣ ውሃ የማያሳልፈው ወደ ታች ይሁን። መሃሉን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አጉድጉዱና አንድ ኩባያ አፍስሱበት። 3 ደቂቃ ጠብቁ። አትቸኩሉ፣ ቀስ ብሎ የሚሰርግም አለ። ከዚያ በእጃችሁ ከሥር ዳብሱት። ከራሰ ያ ገበር እሳት ፊት አይቆምም። ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ የሱሪውን ጉልበትና መቀመጫ፣ በተለይ ስፌት ያለበትን ሞክሩ። ስትጨርሱ አለቅልቁትና በደንብ ይድረቅ፤ አልኮል እንዳለበት እንዳትለብሱት።

ቀዳዳ ካገኛችሁ በተራ ክር አትስፉት። መርፌው ራሱ አዲስ ቀዳዳ ነው፣ ክሩም ይቀልጣል። እኔ ሰፍቼው ብሶበታል።

ዚፕ፣ አንፀባራቂ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ቦትና ሄልሜት በዓይን ይታያሉ።

የመጨረሻው ልብሱ ላይ የተሰፋው ምልክት ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደረጃ ከተመረተ 10 ዓመት ያለፈው ልብስ ከሥራ ይውጣ ይላል። በእርዳታ የመጣ ያገለገለ ልብስ ከተሰጣችሁ፣ ልኩን ከመለካታችሁ በፊት የተመረተበትን ዓመት አንብቡ።