የመኪና ማስነሻ ቁልፍ ሲይዝ፣ ሲነቃነቅ ወይም አልዞር ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ቁልፉ ገብቶ አልዞር ካለ፣ ወይም ሦስት አራት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካላሉት የማይነቃነቅ ከሆነ፣ አዲስ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበትና አብሮት የሚዞረው ክፍል) ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት ቁልፉን ራሱን ይመርምሩ። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሠሩ ኮሮላዎች፣ ዲኤክሶችና ቪትዞች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው ቁልፉ ነው። ርካሹም እሱ ነው። ደህና ሲሊንደር አስጥሎ ያለቀ ቁልፍ ይዞ መቅረት በየጋራዡ የሚታይ ኪሳራ ነው።

እዚህ የተጻፈው ቁልፍ በማዞር ለሚነሱ መኪኖች፣ በተለይ አገራችን ውስጥ ለበዙት የቆዩ ቶዮታዎች ነው። የሌላው መኪና አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው በአብዛኛው አፈታቱ ላይ ነው።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ሲሊንደሩ ውስጥ በተርታ የቆሙ ስስ የናስ ቅጠሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውን የሚገፋ በጣም ትንሽ ሞላ አለ። ቁልፍ ከሌለ ሞላዎቹ ቅጠሎቹን ወደ ውጭ ገፍተው በዙሪያው ካለው ቤት ጋር ያቆላልፏቸዋል፤ ሲሊንደሩም አይዞርም። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ሁሉንም ቅጠሎች ስበው ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ያደርጓቸዋል። አንዷ ብቻ ትንሽ ጎልታ ከቀረች ቁልፉ ይይዛል። በነዚህ ቶዮታዎች ቅጠሎቹ አራት ዓይነት ቁመት አላቸው፤ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከቁልፉ ጥርስ ላይ ጥቂት መበላት ያን ያህል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ከሲሊንደሩ ጀርባ ሁለት የተለዩ ነገሮች አሉ፤ መሪውን የሚቆልፈው ዘንግና የኤሌክትሪክ ስዊቹ። ሦስቱ በአንድ ቁልፍ ስለሚታዘዙ የአንዱ ብልሽት የሌላው ይመስላል።

መጀመሪያ የሚደረግ ሙከራ

በተሳፋሪ በኩል ያለውን በር በቁልፉ ይክፈቱ። ያ በር በቁልፍ የሚከፈተው አልፎ አልፎ ስለሆነ ውስጡ ያሉት ቅጠሎች ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው ማለት ይቻላል። አቧራ ይዞት ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ጥቂት ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መነካኪያ ማጽጃ ስፕሬይ) ይንፉበት። ከዚያ በኋላ፦

ቁልፉ እዚያም የሚያስቸግር ከሆነ ያለቀው ቁልፉ ነው። እዚያ ያለችግር ዞሮ ማስነሻው ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግን ችግሩ ማስነሻው ሲሊንደር ወይም የመሪው መቆለፊያ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ቁልፉን ገልብጦ ማስገባት ነው። በሁለቱም ጎን የተቀረጸ ቁልፍ ላይ እያንዳንዷ ቅጠል የምትነካው አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ ሲገለበጥ ሌላው ጎን ይሠራል። አንድ ሰው ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚያስገባ ከሆነ ሁለቱ ጎኖች እኩል አያልቁም። ተገልብጦ ሲገባ የሚሻል ከሆነ፣ መልሱ አሁንም ቁልፉ ነው።

ምልክት፦ ቁልፉ ይገባል፣ ግን ፈጽሞ አይዞርም፤ መሪውም ተቆልፏል

ጎማው ተጠምዞ ወይም ከመንገድ ጠርዝ ጋር ተደግፎ ሲቆም፣ የጎማው ግፊት በመሪው በኩል መጥቶ የመቆለፊያውን ዘንግ ይጫነዋል። ዘንጉ ሲጨነቅ ሲሊንደሩ መዞር ያቅተዋል። መሪው በአንድ በኩል ትንሽ ይላወሳል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ድርቅ ይላል። መሪውን ወደሚላወስበት በኩል እየያዙ በሌላ እጅዎ ቁልፉን ቀስ አድርገው ያዙሩት። በጉልበት አያዙሩት፤ በፒንሳ ይዞ ማዞር ደግሞ ቁልፉን ሰብሮ ውስጥ ያስቀረዋል።

ምልክት፦ ቁልፉ የሚዞረው ትንሽ ወደ ውጭ ሲሳብ ወይም ሲነቃነቅ ብቻ ነው

ይህ ያለቀ ቁልፍ ዋነኛ ምልክት ነው። ቁልፉ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወጣ ሲል ቅጠሎቹ ከተበላው ጉድጓድ ወጥተው ተዳፋቱ ላይ ያርፋሉ፤ እዚያ ቁመቱ ትንሽ ከፍ ስለሚል ሁሉም ለጊዜው እኩል ይሆናሉ። እንዲህ እየተባለ ወራት መንዳት ይቻላል፤ በየቀኑ ግን ቅጠሎቹም አብረው እየተበሉ ነው።

መፍትሄው አዲስ ቁልፍ ማስቀረጽ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ከምን ላይ ይቀረጽ የሚለው ነው። የቁልፍ ቀራጭ ማሽን የሚያደርገው የሰጡትን ቁልፍ እየተከተለ መገልበጥ ነው። ያለቀ ቁልፍ ከሰጡት ያለቀ ቁልፍ ይመልስልዎታል። ከቅጂ ላይ የተቀዳ ቅጂ ደግሞ የሁለቱንም ስህተት ይሸከማል። ስለዚህ በቅደም ተከተል፦

ቤት የተቀመጠ፣ ያልተሠራበት ሁለተኛ ቁልፍ ካለ ከእሱ ያስቀርጹ። ከሌለ የቁልፉን ኮድ ይፈልጉ፤ ከአዲስ ቁልፍ ጋር በምትመጣው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ በቆዩ ብዙ ቶዮታዎችም በተሳፋሪው በር ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ኮድ ያለው ቁልፍ በመጀመሪያ ልኩ ይቀረጻል። ኮዱም ከጠፋ፣ ጎበዝ ቁልፍ ሠሪ ያለቀውን ቁልፍ ለክቶ እያንዳንዱን ጥርስ ወደ ቅርቡ ትክክለኛ ቁመት መመለስ ይችላል፤ ቁመቶቹ አራት ብቻ ስለሆኑ ግምቱ ከባድ አይደለም። በማሽን በቀጥታ እንዲገለብጠው ሳይሆን «ወደ ልኩ መልሰው» ብለው ይጠይቁ፤ አዲሱን ቁልፍም ከመክፈልዎ በፊት ተሳፋሪው በር ላይ ይሞክሩት።

ምልክት፦ ቁልፉ ለመግባትም ለመውጣትም ይንተፋተፋል፣ ሲወጣ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ይወጣል

ያ ጥቁር ነገር የአቧራ፣ የናስ ብናኝና የአሮጌ ዘይት ድብልቅ ነው። በአንድ ወቅት የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ዘይት የመጀመሪያውን ሳምንት ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ይሆንና ሞላዎቹ ቅጠሎቹን መግፋት ያቅታቸዋል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ የሚረጨው ነገር ኤሌክትሪክ ስዊቹ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ኮንታክት ክሊነሩን በቀጭን ቱቦው ለሁለት ሰከንድ ያህል ይንፉ፣ ቁልፉን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ያስገቡ ያውጡ፣ ባወጡ ቁጥር በጨርቅ ይጥረጉት። ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ሦስት አራት ዙር ይደጋግሙ። 15 ደቂቃ ያድርቁትና በግራፋይት ዱቄት ያለስልሱት። ግራፋይት ካጡ ለስላሳ እርሳስ ቁልፉ ጥርስ ላይ ደጋግመው አሽተው ማስገባት ይሠራል። ግራፋይትና ዘይት ግን አንድ ላይ አይሁኑ፤ ተቦክቶ ከመጀመሪያው የባሰ ዝቃጭ ይሆናል። ደብሊው ዲ 40 ለማጽዳት ይረዳል፤ ማለስለሻ አድርገው ግን አይተውት፣ ከእሱ በኋላም አድርቀው ደረቁን ማለስለሻ ያድርጉ።

ምልክት፦ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ይወጣል

ቁልፉም ቅጠሎቹም አልቀዋል። ሲነዱ ቁልፉ ሊወድቅ ይችላል፤ ሲሊንደሩም ያለ ትክክለኛ ቁልፍ ይዞራል ማለት ስለሆነ መኪናው ለሌባ ክፍት ነው። ይህ ሳይውል ሳያድር የሚሠራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የቁልፍ መያዣው ክብደት ነው። የቤት፣ የቢሮ፣ የጓጉንቸር ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ሲንጠለጠል በየጉድጓዱ ሲሊንደሩን ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው ስዊቹ ደካማ ሆኖ በቁልፍ መያዣ ክብደት ወይም በንቅናቄ ከኦን (ሞተሩ ከሚሠራበት የቁልፍ ቦታ) ወደ ኤሲሲ (ሬዲዮና መሰሉ ብቻ ወደሚሠራበት) እየተንሸራተተ ስለነበር ነው፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይሠራም፤ ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰዎች በዚህ መሞታቸውን ተቀብሏል። የመኪናዎ ቁልፍ ብቻውን ይሁን።

ምልክት፦ ቁልፉ አይወጣም

አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ ማርሹን ይዩ። ፒ (ፓርክ) ላይ ያለ ቢመስልም የማርሹ ኬብል ወይም ፒ ላይ መሆኑን የምታሳውቀው ትንሽ ስዊች ካልደረሰች ቁልፉ ይታገታል። ፍሬን ይዘው ማርሹን ጠበቅ አድርገው ወደ ፒ ይግፉና ይሞክሩ። በኤሌክትሪክ በሚታገቱት ላይ ባትሪ ሲሞትም ቁልፉ ላይወጣ ይችላል። ማንዋል ቶዮታ ላይ ደግሞ ከኤሲሲ ወደ ሎክ (ቁልፉ ወደሚወጣበት ቦታ) ለመመለስ ቁልፉን ወደ ውስጥ ጫን ማድረግ ያስፈልጋል፤ መኪናውን አዲስ የገዛ ሰው ይህን ባለማወቅ ብቻ ተበላሸ ብሎ ጋራዥ ይገባል።

ምልክት፦ ሞተሩ ተነስቶም ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) መጮኹን አያቆምም

ቁልፉ ከስታርት ወደ ኦን አልተመለሰም ማለት ነው፤ የመመለሻው ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል፣ አለዚያ ዝቃጩ ይዞታል። በእጅዎ ወዲያው ወደ ኋላ ይመልሱት። እምቢ ካለ ሞተሩን አጥፍተው የባትሪውን ነጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይንቀሉ። ሞተሪኖ እንዲህ ሆኖ ጥቂት ከቆየ ይቃጠላል። አጥበው ካልተስተካከለ መኪናውን ደጋግመው አያስነሱ።

ምልክት፦ ቁልፉ ለስላሳ ዞሮ መኪናው ዝም ይላል

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሲሊንደሩ አይደለም። ቁልፉን ኦን ላይ ይዘው ሲያነቃንቁት የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የኤሌክትሪክ ስዊቹ ውስጥ መነካኪያዎቹ ተቃጥለዋል። በመልቲሜትር ለማረጋገጥ አንድ ሰው ስታርት ላይ ይያዝ፤ ሞተሪኖው ላይ የምትመጣው ቀጭኗ ሽቦ ላይ ይለኩ። ባትሪው 12.5 ቮልት እያለ እዚያ 8 ወይም 9 ብቻ ከደረሰ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ ከስዊቹ በፊትና በኋላ ለክተው የጠፋበትን ያግኙ። ስዊቹ ከሲሊንደሩ ጀርባ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች የተያዘ ስለሆነ ብቻውን ይቀየራል። አውቶማቲክ ከሆነ አስቀድመው ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርገው ይሞክሩ።

ቁልፉ ቺፕ ያለው ከሆነና የቁልፍ ምስል ያለበት ወይም ቀይ መብራት ብልጭ የሚል ከሆነ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ጥርሱ ብቻ የተቀረጸ ቁልፍ ሲሊንደሩን ያዞራል እንጂ ሞተሩን አያስነሳም።

ሲሊንደሩን አውጥቶ መሥራት

አዲስ በልኩ የተቀረጸ ቁልፍ ተሳፋሪው በር ላይ እየሠራ፣ ሲሊንደሩም ታጥቦ፣ ማስነሻው አሁንም የሚይዝ ከሆነ ቅጠሎቹ አልቀዋል። የባትሪውን ነጌቲቭ ነቅለው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ኤርባጉ የያዘው ኃይል መውጣት አለበት። የመሪውን ሥር ሽፋን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ፤ ፊት ለፊት ያሉት እንዲታዩ መሪውን ግራና ቀኝ ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል። ቁልፉን ኤሲሲ ላይ ያድርጉት። ሌላ ቦታ ላይ ከሆነ አይወጣም። በሲሊንደሩ ቤት ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ አስገብተው ውስጥ ያለችውን ፒን ይጫኑ፣ ቁልፉን ይዘው ሲሊንደሩን ወደራስዎ ይሳቡ።

ቁልፉን ከወጣው ሲሊንደር ላይ ከመንቀልዎ በፊት ግልጽ ፌስታል ውስጥ ያስገቡት፤ ቅጠሎቹና ሞላዎቹ ተስፈንጥረው ቢወጡ እዚያው ይቀራሉ። አንዷ ሞላ መኪናው ምንጣፍ ላይ ከወደቀች አትገኝም። አዲሱ ቁልፍ ውስጡ እያለ በጣትዎ ገጹን ይዳብሱ፤ ጎልታ የምትነካዎ ቅጠል ያለቀችው ናት። ቅጠሎቹ ላይ ቁመታቸውን የሚናገር ቁጥር ስላለ ያንኑ ቁጥር የያዘች አዲስ ቅጠል ይተኩ፤ ቦታቸውን እንዳያደባልቁ በተርታ በወረቀት ላይ ያስቀምጧቸው።

የጎላችውን በሞረድ መብላት የተለመደ አቋራጭ ነው። ለዚያ ቀን ይዞራል። ነገር ግን የተሞረደች ቅጠል ከቤቱ ጋር መቆላለፏን ታጣለች፤ ሦስት አራቱ ከተሞረዱ ሌላ ቁልፍ፣ ቀጥሎም ካቻቢቴ ያዞረዋል። ቅጠሎቹን አውጥቶ መጣሉም ያው ነው። ለባለንብረቱ ሳይነገር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በደል ነው። አንዳንዱ ሲሊንደሩን ላለቀው ቁልፍ ያስማማል፤ በሮቹ ግን በድሮው ልክ ላይ ስለሚቀሩ ውሎ አድሮ ሁለት ቁልፍ መያዝ ይመጣል።

ሲመልሱት ኤሲሲ ላይ እንዳለ ፒኗ ቀጭ እስክትል ይግፉት። ባትሪውን አስረው ከመንዳትዎ በፊት አራቱንም ቦታ (ሎክ፣ ኤሲሲ፣ ኦን፣ ስታርት) አሥር ጊዜ ያህል ያዙሩ፤ ከስታርት በራሱ መመለሱን፣ ከሎክ ውጭ ቁልፉ አለመውጣቱን፣ ቁልፉ ሲወጣም መሪው መቆለፉን ይዩ።

ቁልፉ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ

ሲሊንደሩ ቁልፍ በሚገባበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ስብርባሪው በጥርሱ በኩል በቀጭን የመጋዝ ምላጭ ተነክሶ ይወጣል፤ ትንሽ ማለስለሻ ነፍተው ምላጩን ከጎኑ ያስገቡና ወደ ውጭ ይሳቡ። ሲሊንደሩ ዞሮ ከሆነ ግን ቅጠሎቹ ስብርባሪውን ስለያዙት አስቀድሞ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። በሱፐር ግሉ ለማጣበቅ አይሞክሩ፤ ሙጫው ቅጠሎቹ ላይ ይፈስና ሲሊንደሩ ጨርሶ ይጠፋል። ሁለቱንም ስባሪ አይጣሉ፤ ከገጠሙ አዲስ ቁልፍ ይቀረጽባቸዋል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቺፕም ወደ አዲሱ ቁልፍ ሊዛወር ይችላል።

ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ሲሄዱ ሊብሬዎን ይያዙ። ሳይጠይቅ የሚሠራልዎ ሰው ለሌላውም ሳይጠይቅ ይሠራል።