ውጭ አገር ለአንድ ሴሚስተር የምትማሩ፣ ኮርስ አውትላይናችሁን አሁኑኑ አውርዱ

የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን በመጀመሪያው ሳምንት አውርዳችሁ በግል ኢሜይላችሁ አስቀምጡት። በተማሪ ኢሜይላችሁ አይሁን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አካውንቱ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል።

ስትመለሱ ዲፓርትመንታችሁ ክሬዲቱን የሚይዝላችሁ ኮርሱን ከራሱ ኮርስ ጋር አመሳክሮ ነው። ትራንስክሪፕት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኮርሱ ስም፣ ከክሬዲትና ከውጤት ያለፈ ነገር አይናገርም። የትኞቹ ርዕሶች እንደተሸፈኑ፣ ፈተናው እንዴት እንደነበር የሚያሳየው አውትላይኑ ነው። የክሬዲት አቆጣጠሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኢሲቲኤስ በሚባለው የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፣ የግል ጥናትም ተቆጥሮ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። የእኔ አንድ ኮርስ አልያዝም ሲባል ያተረፈልኝ ይኸው ፋይል ነው፤ ስለዚህ እባካችሁ ችላ አትበሉት።

ግን ይህ ከመሄዳችሁ በፊት ዲፓርትመንታችሁ ለኮርሶቹ የሚሰጠውን ፈቃድ አይተካም። እሱን በጽሑፍ ያዙ። እዚያ ደርሳችሁ ኮርስ ከቀየራችሁም አዲሱን በዚያው ሳምንት በኢሜይል አስጸድቁ።