ቀይ በር በበረዶ ውስጥ፦ የጃፓንን የእንጨት ኅትመት ቤት ውስጥ እንዴት እንሠራለን

ጃፓናዊው ሠዓሊ ካዋሴ ሃሱይ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው «የሺባው ዞጆጂ» የተባለ፣ ከተቀረጸ እንጨት ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል አለ። ዞጆጂ ቶኪዮ ውስጥ፣ ሺባ በሚባል ሰፈር ያለ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። በ1622 የተሠራው ትልቅ ቀይ በሩ ዛሬም ቆሟል። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ደፍታ በበረዶው መሃል ታልፋለች። በረዶው ግን በነጭ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ እንዳይታተም የሚፈለገውን ቦታ ለይቶ ከእንጨቱ ላይ ማንሳት ነው።

ሃሱይ ሥዕሉን ሣለ እንጂ አልቀረጸም፣ አላተመም። ለቅርጹም ለኅትመቱም የየራሳቸው ባለሙያ ነበራቸው፤ ሁሉን የሚያስተባብረው አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ነበር። እኛ ብቻችንን ስለምንሠራ ጥቁርና ቀይ ይበቃናል።

ሁለት እኩል ለስላሳ ጣውላ፣ የተሳለ ትንሽ ቢላ፣ ትንንሽ መሮ፣ የውሃ ቀለም፣ ብሩሽና ቀለም የሚመጥ ጠንካራ ወረቀት አዘጋጁ። ጃፓኖች የተራራ ቼሪ እንጨት ይመርጣሉ፤ ጠንካራ ስለሆነ ቀጭን መስመር አይሰበርበትም። ለጀማሪ ግን እጅ ያደክማል።

በሩን ስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ሣሉ። ጣሪያውና ምሰሶዎቹ በቂ ናቸው። ከዚያ ወረቀቱን በሥዕሉ ፊት በኩል እንጨቱ ላይ ለጥፉት፤ ሲታተም ተመልሶ ይቃናል።

አሁን ኬንቶ የሚባለውን፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲያርፍ የሚያደርገውን ምልክት ቅረጹ። ከሥዕሉ ውጭ፣ አንዱ ጥግ ላይ የወረቀቱ ማዕዘን የሚገባበት፣ በዚያው ጠርዝ ራቅ ብሎ ደግሞ የወረቀቱ ጎን የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ጭረት ነው። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ኬንቶው ከሌለ ቀዩ ቀለም በሩን ስቶ ሰማይ ላይ ያርፋል።

መስመሮቹን ስትቀርጹ ቢላውን ዘንበል አድርጉት፤ መስመሩ ከሥሩ ሰፋ ካለ አይሰበርም። የቀረውን በመሮ አንሱ፤ ሌላው እጃችሁ ግን ከመሮው ፊት አይሁን። ይህን እንጨት ከነኬንቶው ስስ ወረቀት ላይ አትሙና ኅትመቱን ገልብጣችሁ ሁለተኛው ጣውላ ላይ ለጥፉ። እዚያ ላይ ከኬንቶው ሌላ ቀይ የሚሆነው ብቻ ይቀራል። ጣሪያው ላይ በረዶ የተኛበትን ከሁለቱም እንጨት አንሱ። ቀዩ ግድግዳ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ብትቦረቡሩ ደግሞ በሩ ፊት በረዶ ይወርዳል። እኔ ከሥራው ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ወረቀቱን ማታ እርጥብ ወረቀቶች መሃል አሳድሩት፤ ደረቅ ወረቀት ቀለም በደንብ አይጠጣም። ጠዋት ጥቁሩን ቀለም ከጥቂት የሩዝ ሙጫ ጋር እንጨቱ ላይ በስሱ ቀቡ። ወረቀቱን ኬንቶው ላይ አሳርፉና ጀርባውን እሹ። ጃፓኖች ባሬን የሚባል ክብ ማሻ አላቸው፤ የእንጨት ማንኪያ ጀርባም ይሠራል። ቀዩንም እዚያው ወረቀት ላይ እንዲሁ አትሙ።

የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይገረጣሉ፤ ደረቁ እንጨት ገና ቀለሙን እየጠጣ ነው። ቀለሙ እስኪሞላ አትሙ። የታተመውን ንጹሕ ካርቶን መሃል ከቀላል ክብደት በታች አድርቁት፤ አለበለዚያ ይጠቀለላል።