ካሎሪሜትር በፔርሙዝ፦ ጅማ ላይ ሙቀትን በትክክል እንዴት እንለካለን?

ካሎሪሜትር አንድ ነገር የሚሰጠውን ወይም የሚቀበለውን ሙቀት የምንለካበት ዕቃ ነው። መሥራቱ ቀላል ነው። ችግሩ ዕቃው ራሱ ሙቀት ይበላል። ስንት እንደሚበላ ካላወቃችሁ የምታገኙት ቁጥር ግምት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ዕቃው ነው።

አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙዝ፣ አሥረኛ ዲግሪ የሚያሳይ ዲጂታል ቴርሞሜትርና የግራም ሚዛን ያዙ። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ፎም ወፍራም ክዳን ቁረጡ። ሁለት ቦታ ብሱት፤ አንዱ ለቴርሞሜትሩ፣ ሌላው ለማማሰያ ሽቦ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ግድግዳውንም ታቹንም አይንካ።

አሁን 100 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩና ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። 21 ዲግሪ ነው እንበል። 60 ዲግሪ የደረሰ 100 ግራም ውኃ ቶሎ ጨምራችሁ ክደኑ፣ አማስሉ። ፔርሙዙ ምንም ባይበላ ኖሮ 40.5 ላይ ይረጋ ነበር። 39.4 ላይ ረጋ እንበል። አንድ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ 4.18 ጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ስለሚይዝ፣ ሙቁ ውኃ 8,611 ጁል ሰጥቷል፤ ቀዝቃዛው የተቀበለው ግን 7,691 ብቻ ነው። የጎደለው 920 ጁል ፔርሙዙ ጋ ነው። ለ18.4 ዲግሪ ስታካፍሉት 50 ይመጣል። ፔርሙዛችሁ በየዲግሪው 50 ጁል ይወስዳል ማለት ነው። ደጋግማችሁ ሞክሩና አማካዩን ያዙ።

ቀጥሎ ብረት፤ አንድ ግራሙ በአንድ ዲግሪ ስንት ጁል እንደሚይዝ እንለካለን። ሂርማታ ገበያ ወርዳችሁ 200 ግራም የሚሆን ብሎን ግዙ። በክር አስራችሁ በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። ከዚያ ውኃውን አራግፋችሁ 21 ዲግሪ የሆነ 200 ግራም ውኃ ወዳለበት ፔርሙዝ ቶሎ ክተቱት።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውኃውም 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብሎኑ ውኃውን ወደ 27.7 ካደረሰው፣ በ94 ስታሰሉ 0.45 ጁል በግራም በዲግሪ ታገኛላችሁ፤ የብረት ትክክለኛ ቁጥር ነው። በ100 ብታሰሉ 0.41 ይሆናል። የሚፈላውን ውኃ ራሳችሁ ለኩት፤ ከመጽሐፍ አትውሰዱ።

በከፍተኛ ግፊት መለካት ግን የቤት ሥራ አይደለም። ምንም ነገር አሽጋችሁ እሳት ላይ እንዳትጥዱ፤ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይከብዳል። ግፊት የሚችል 2 ኪሎ የብረት ዕቃ በየዲግሪው 900 ጁል ገደማ ይበላል። ውስጡ ያለው 10 ግራም ውኃ የሚወስደው 42 ብቻ ነው። ልትለኩት የፈለጋችሁት ነገር ከጠቅላላው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ሁለት መንታ ዕቃ ሠርተው አንዱን ባዶ የሚተዉት፤ የሚያነቡት ልዩነቱን ነው። ግፊት የሚያስገባውንም ቱቦ በጣም ቀጭን ያደርጉታል፣ ሙቀት በእሱ በኩል እንዳይሾልክ። መጭመቅ ራሱ ስለሚያሞቅም፣ ግፊቱን ከጨመሩ በኋላ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ ምንም አይመዘግቡም።