«ጌት»ን ከ«ገባ» ጋር አጎዳኙት

ለእረፍት ጅማ መጥቼ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ፣ በቅርቡ አሜሪካ የገባው የእህቴ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ አለቃዬ ‹ዩ ጎት ኢት?› ሲለኝ ምን አገኘህ ያለኝ መስሎኝ ባዶ እጄን አሳየሁት» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ ስማር «ጌት (ላለፈ ጊዜ ‹ጎት›)፦ ማግኘት» ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነው አሜሪካ የሄድኩት።

እንደሱ አዲስ ለገባችሁ ሁሉ የምለው፣ ይህን ግስ ከ«አገኘ» ይልቅ ከራሳችን «ገባ» ጋር አጎዳኙት። «ጎት ሆም» ቤት ገባ፣ «ጌት ኢን» ግባ፣ «አይ ጎት ኢት» ገባኝ። ጣጣ ውስጥ መግባት እንኳ በዚሁ ግስ ነው። ሁሉንም ባይሸፍን ብዙ መንገድ ያስኬዳል።

ትራንስፖርት ላይ ተጠንቀቁ። እዚህ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ በባጃጅ ስንሄድ «ወራጅ አለ» ካልን በቃ። በእንግሊዝኛ ግን ከትንሽ መኪና መውረድ «ጌት አውት» ሲሆን፣ ቆመው ከሚሄዱባቸው ከአውቶቡስና ከባቡር መውረድ «ጌት ኦፍ» ነው። ሥራ ቦታ «ዋት ታይም ዱ ዩ ጌት ኦፍ?» ከተባላችሁ ደግሞ በስንት ሰዓት ከሥራ ትወጣላችሁ ነው ጥያቄው። በእነሱ አቆጣጠር መልሱ፤ የእኛ አሥራ አንድ ሰዓት የእነሱ አምስት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙልኝ። «ጌት» ብዙ ጊዜ የእኛን «ተ» ይተካል፦ «ጎት ፔይድ» ተከፈለው፣ «ጎት ፋየርድ» ተባረረ፣ «ጎት ኸርት» ተጎዳ። ሥራ ላይ ወገባችሁን ወይም እጃችሁን ካመማችሁ «አይ ጎት ኸርት አት ወርክ» ብላችሁ በዚያው ቀን ለኃላፊያችሁ ተናገሩ፣ በጽሑፍም ይያዝላችሁ። አፍሮ ዝም ብሎ ቤት የገባ፣ ጉዳቱ ሥራ ላይ መድረሱን በኋላ ማስረዳት ይከብደዋል።

«ኢት ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ» ሲሉ እየበረደ ነው ማለታቸው ነው፤ ይሄ ቀላል ነው፣ ክረምቱ ራሱ ያስተምራችኋል።

ሥራ ፈልጋችሁ ስትጠየቁ መጨረሻ ላይ «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ይሏችኋል። መልስ እንሰጣችኋለን ማለት እንጂ ተቀጠራችሁ ማለት አይደለም። እኔ እንደተቀጠርኩ ቆጥሬ ሌላ ቦታ ሳላመለክት ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ የቤት ኪራዬም ደረሰ። ለእህቴ ልጅም የነገርኩት ይህንኑ ነው፦ «መቼ እንደሚደውሉ ጠይቃቸው፤ ከዚያ ወጥተህ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ አመልክት»።