በእንግሊዝኛ የአሁን ጊዜ ጥያቄ በረዳት ግስ እንዴት ይመሠረታል?

በአማርኛ «እዚህ ትሠራለህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቃላቱ ቦታ ሳይለውጡ በድምፅ አወጣጥ ብቻ ጥያቄ ይሆናል። በእንግሊዝኛም «ዩ ዎርክ ሂር?» ብሎ መጠየቅ በወዳጆች ጨዋታ መካከል ያጋጥማል፤ በፈተናም ሆነ በሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠበቀው ግን ረዳት ግሱን፣ ማለትም እንደ «ዱ» እና «ደዝ» ዋናውን ግስ የሚያግዘውን ቃል፣ ከባለቤቱ በፊት ያስቀደመ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን ግስ ይለዩ። ግሱ «አም»፣ «ኢዝ» ወይም «አር» ከሆነ ሌላ ረዳት አያስፈልገውም፤ ከባለቤቱ ጋር ቦታ መለዋወጥ ይበቃዋል። ስለዚህ «ሺ ኢዝ ኤ ነርስ» የሚለው «ኢዝ ሺ ኤ ነርስ?» ይሆናል። «ካን»ም እንዲሁ ነው። «ዱ አር ዩ» የሚባል ጥያቄ ግን የለም።

ግሱ ከእነዚህ ውጭ ሲሆን ለባለቤቱ የሚስማማውን ረዳት ይምረጡ። «አይ»፣ «ዩ»፣ «ዊ» እና «ዘይ» «ዱ»ን ሲወስዱ፣ «ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ደግሞ «ደዝ»ን ይወስዳሉ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው በአክብሮት አነጋገር ነው። ስለ አንድ አዛውንት ስንናገር «እሳቸው ይሠራሉ» ስለምንል ግሱ የብዙ ቁጥር መልክ ይይዛል፤ ይህን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ይዞ የሚሄድ ሰው «ዱ» ለማለት ይቃጣዋል። በእንግሊዝኛ ግን የተከበሩም ቢሆኑ አንድ ሰው ናቸውና «ደዝ ሂ ዎርክ?» ይባላል። በአንጻሩ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም «ዩ» ስለሆኑ ለሁሉም «ዱ» ያገለግላል።

ቀጥሎ ያለው ደረጃ በጣም የሚዘነጋው ነው። «ሺ ዎርክስ ኢን ኤ ባንክ» በሚለው ውስጥ ከግሱ መጨረሻ ያለው የ«ስ» ድምፅ ባለቤቷ ሦስተኛ መደብ ነጠላ መሆኗን ያመለክታል። ጥያቄ ሲሆን ይህን ሥራ «ደዝ» ስለሚረከበው ዋናው ግስ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለስና «ደዝ ሺ ዎርክ ኢን ኤ ባንክ?» ይባላል። «ደዝ ሺ ዎርክስ» ማለት ምልክቱን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። «ሺ ሃዝ ኤ ካር»ም በዚሁ ምክንያት «ደዝ ሺ ሃቭ ኤ ካር?» ይሆናል።

ቦታን፣ ጊዜን ወይም ምክንያትን ለመጠየቅ መጠይቁን ከረዳት ግሱ በፊት ማስገባት ብቻ ነው፦ «ዌር ደዝ ሺ ሊቭ?»፣ «ዋይ ዱ ዘይ ዌይት?»። «ሁ» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን ግን ረዳቱ ይቀራል፤ ግሱም ምልክቱን እንደያዘ «ሁ ሊቭስ ሂር?» ይባላል።

አጭሩ መልስ የሚሰጠው በዚያው በረዳት ግሱ ነው፦ «የስ፣ ሺ ደዝ» ወይም «ኖ፣ ሺ ደዝንት»። በአሉታ ለቀረበ ጥያቄ ሲመልሱ በተለይ ይጠንቀቁ። በአማርኛ «አትሠራም እንዴ?» ተብለን የማትሠራ ከሆነ «አዎ፣ አትሠራም» ብለን የጠያቂውን ቃል እናጸናለን፤ «ደዝንት ሺ ዎርክ?» ለሚለው ግን የማትሠራ ከሆነ ትክክለኛው መልስ «ኖ፣ ሺ ደዝንት» ነው።